ካርቶን ካርቶን ይላል

ጋሽ ዘለቀ ማረፉን የሰማሁት ቡራዩ፣ በትንሿ ምግብ ቤቴ ጓዳ ቆጮ እየጠበስኩ ሳለ ነው። የደወለችልኝ ድሮ ሱሉልታ አብራኝ ታስተናግድ የነበረች ልጅ ናት። ቀብሩ በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሰበታ እንደሆነ ነገረችኝና «ሙት አይወቀስም፣ አስቱ፤ ነይ» አለችኝ። እሺም እንቢም ሳልላት ስልኩን ዘጋሁት። ዞር ስል ቆጮው አሯል። ለቀብሩ አልሄድኩም።

ሙት አይወቀስም የሚሉት ወቀሳቸውን ሰውየው በሕይወት ሳለ የጨረሱ ሰዎች ናቸው። እኔ የእኔን ገና አልጀመርኩትም ነበር።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ጋሽ ዘለቀን ስድስት ዓመት ሙሉ «አንቱ» ስለው ኖሬያለሁ። ዕድሜው ከአባቴ የሚስተካከል፣ ነጭ ሸሚዙ በሱሉልታ ጭቃ መሃል አንድም ቀን ያላደፈ፣ «አንተ» ለማለት አፍ የማይደፍረው ሰው ነበር። እዚህ ግን «እሱ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ስድነት አይደለም። ከአንዲት እሑድ በኋላ አንቱታው ከልቤ ወድቆ አልነሳ ብሎኝ ነው።

ሱሉልታ የገባሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከሆሳዕና እንደመጣሁ ገላን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ በካርቶን ሳሽግ ከረምኩ። ክረምት ሲገባ የመጋዘኑ ጣሪያ ያፈስ ስለነበር የረጠበ ካርቶን ሽታ ከልብሴ አልፎ ጸጉሬ ውስጥ ይገባል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስዘምር እንኳ ይሸተኝ ነበር። ኋላ አንዲት የአገሬ ልጅ የኦቦ ገመቹ ሎጅ አስተናጋጅ እንደሚፈልግ ነገረችኝና ሄድኩ። ሎጁ ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ ከሜዳው በላይ የተሠራ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ፈረስ ሊጋልቡ የሚመጡ፣ ከሯጮቹ ጋር ሊሮጡ ከውጭ የሚመጡ፣ ነፋሱ ሲያንቀጠቅጣቸው ወደ ምድጃው የሚሸሹ ሰዎች ይመገቡበታል።

ዋና አስተናጋጁ ጋሽ ዘለቀ ነበር። በልጅነቱ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንዲት ጣሊያናዊት ምግብ ቤት ሰሃን አጣቢ ሆኖ ገብቶ፣ ሴትዮዋ እስክታርፍ ድረስ ከእሷ ጋር ሠርቶ፣ ስለ ወይን ጠጅ የሚያውቀውን ሁሉ ከእሷ ተምሯል። «ሲኞራ» ይላታል። ሲኞራ እንዲህ ትል ነበር፣ ሲኞራ ይኼንን ሹካ ብታይ ኖሮ፣ ሲኞራ በዚህ ሰሃን ውሻዋን አታበላም። ስንቸኩል «ፒያኖ፣ ፒያኖ» ይለናል፤ ቀስ በሉ ማለቱ ነው። እኛም ከኋላው ሆነን ፒያኖ እያልን እንስቅበት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ነገርኩት። ልጆቹ እንዳትናገሪ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ነገር ደብቄ መዋል ሆዴን ይቆርጠኛል። ጴንጤ ነኝ፣ አልጠጣም፣ አልቀምስምም፣ ማቅረቡን ግን ጸልዬበት ነው የመጣሁት አልኩት። እሱም፣ የማይጠጣ አሳላፊ ጠርሙስ አያጎድልም፣ በዚህ በኩል ተገላግያለሁ አለ። ቀጥሎ ግን የማያውቁትን ነገር ለሰው ማቅረብ ነውር እንደሆነ፣ መቅመስ ካልቻልኩ ሌላ መንገድ እንደምንፈልግ ነገረኝ። «እንፈልጋለን» ነው ያለው። ከገላን መጋዘን ለመጣች ልጅ ያቺ «እን» ትልቅ ነገር ነበረች።

በእኛ አገር አረፋ ያለው ወይን ሁሉ ሻምፓኝ ነው። ሰርግ ላይ ይነቀነቃል፣ ቡሹ ጣሪያ ይመታል፣ ሙሽራዋ ቬሎ ላይ ይረጫል፣ የተረፈው በፕላስቲክ ኩባያ ይታደላል። ጋሽ ዘለቀ ይኼን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። የሎጁ ባለአረፋ ነጭ ወይን ከሰሜን ጣሊያን የሚመጣ ፕሮሴኮ ነበርና፣ እንግዳ ሻምፓኝ አምጪ ባለ ቁጥር ዝቅ ብሎ፣ ፕሮሴኮ ነው ጌታዬ፣ በስሙ እንጥራው ይላል። አከፋፈቱን ሲያስተምረኝ ሽቦውን ፈትቼ ቡሹን በአንድ እጄ ጨብጬ እንድይዝ፣ የሚዞረውም ጠርሙሱ እንጂ ቡሹ እንዳልሆነ አሳየኝ። ሲከፈት መጮህ የለበትም፤ እፎይ ነው ማለት ያለበት። የመጀመሪያው ጮኸብኝና ቡሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የኦቦ ገመቹን ፎቶ መታው። ጋሽ ዘለቀ ፎቶውን አቃናና፣ ባለቤቱን አስደንግጠሻል፣ ድገሚው አለኝ።

አንድ ልማድ ነበረው፤ ይኼን ከሲኞራ ሳይሆን ከአባቱ ነው የወረሰው። አባቱ ጠጅ አሳላፊ ነበሩ። የድሮ አሳላፊ ጠጁን ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ምንም የለበትም፣ ቢኖርበት ቀድሜ የምሞተው እኔ ነኝ ማለት ነው። ጋሽ ዘለቀም ፕሮሴኮውን እንዲሁ ግራ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ብርጭቆ ውስጥ አይቀዳም። ፈረንጆቹ ፎቶ ያነሱታል፣ ይስቃሉ። እሱ አይስቅም። «እጄን ያመነ እንግዳ አፌንም ማመን አለበት» ይላል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ልማዱ ችግር ገጠመው። ጋሽ ዘለቀ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምስም፤ እንግዶቹ ደግሞ ምሳቸውን በስድስት ሰዓት ይፈልጋሉ። እሱ በሃይማኖቱ አይቀምስ፣ እኔ በሃይማኖቴ አልቀምስ፣ መሃላችን የተከፈተ ጠርሙስ ቆሟል። ኦቦ ገመቹ በበሩ ሲያልፍ አየንና፣ እናንተ ሁለታችሁ እያላችሁልኝ ወይኔ አያልቅም ብሎ እየሳቀ ሄደ። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ዘለቀ ብርጭቆውን አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ

«ምን ይላል?» ያለኝ።

ምን ይሸታል አላለም። እኛ ሽታንም ጣዕምንም «ይላል» ነው የምንለው፤ ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል፣ ውሃው ዝገት ዝገት ይላል። ስለዚህ እኔም አሽትቼ፣ ፖም ፖም ይላል አልኩት። ከኋላው ደግሞ አንድ የማውቀው ነገር አለ፤ ባቄላ ሲያብብ በማሳው አጠገብ ሲያልፉ ያለው ሽታ። ጋሽ ዘለቀ ዓይኑን ጨፈነ። ሲኞራ ነጭ አበባ ይላል ትለኝ ነበር፣ የምን አበባ እንደሆነ ግን ነግራኝ አታውቅም አለ። በዘጠኝ ሰዓት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰና፣ እውነትሽን ነው፣ ባቄላ ነው አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራውን ተካፈልነው። አንቺ አፍንጫ፣ እኔ ምላስ አለኝ። ስሜን ትቶ «አፍንጫዬ» ይለኝ ጀመር። ኦቦ ገመቹ እንኳ ቀልዱን ለምዶት ጠርሙስ ስከፍት ካየኝ በራሱ ቋንቋ «ማል ጄዸ?» ይለኛል፤ ምን ይላል ማለት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

ከምን ጋር እንደሚቀርብም አብረን ፈለግን። ዶሮ ወጥ ጋር አይሆንም፤ ፕሮሴኮ ስስ ስለሆነ በርበሬው ይደፈጥጠዋል። አዚፋውም በሰናፍጩ አፍንጫ ይይዝና ወይኑን ይሸፍነዋል። ትኩስ የምስር ሳምቡሳ ግን ይወደዋል፤ ዘይቱን አረፋው ከአፍ ላይ ይጠርገዋል። የተጠበሰ ዓሣ በሎሚ ይሆናል፣ የሱሉልታ አይብ ይሆናል። የኦቦ ገመቹ እናት በቅቤ ያሹት የገብስ ጩኮ እንኳ ሆነ፤ ቅቤው አፍ ላይ ሲቀር ወይኑ መጥቶ ያነሳዋል አለ ጋሽ ዘለቀ። አንድ ነገር ብቻ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም። ጠርሙሱ ላይ «ብሩት» የሚል አለ፣ «ኤክስትራ ድራይ» የሚል አለ፤ ኤክስትራ ድራይ ማለት በጣም ደረቅ ማለት ሆኖ ሳለ ከብሩቱ የሚጣፍጠው እሱ ነው። ፈረንጅም መላጣውን ጎፈሬ ብሎ ይጠራል እንዴ ብለው ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ቃሪያ ላለበት ምግብ ጠርሙስ ሲፈልግ፣ ጎፈሬውን አምጪ ይለኝ ነበር።

የራሴን ያገኘሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። እናቴ ከአገር ቤት ቆጮ ላከችልኝ። ስስ አድርጌ ስነካው እስኪንኮሻኮሽ ጠበስኩትና ላዩ ላይ አይብ፣ ጨውና ኮሰረት አደረግኩበት። ጋሽ ዘለቀ አንድ ጎረሰ፣ ወይኑን በመዳፉ አስከተለ፣ ከዚያም ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በሥራ ሰዓት ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። የቆጮው ኩምጣጤና የወይኑ ኩምጣጤ የአንድ እናት ልጆች ናቸው አለኝ። በወሩ ሜኑው ላይ ገባ። የተጻፈው ግን «የጋሽ ዘለቀ ቆጮ በፕሮሴኮ» ተብሎ ነው። ብጠይቀው፣ ኦቦ ገመቹ ነው ያስጻፈው፣ የእኔን ስም እንግዳው ስለለመደው ነው አለኝ። ደስ አላለኝም። ግን የሚያስተምር ሰው ትንሽ ቢወስድ የማስተማሩ ነው ብዬ ተውኩት። ይኸኔ ነበር ማሽተት የነበረብኝ።

በአምስተኛው ዓመት፣ ሰው ሁሉ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ በሚሄድበት ጊዜ፣ ጋሽ ዘለቀም ታመመ። ሰበታ ቤቱ ሦስት ሳምንት ተኝቶ ከስቶ ተመለሰ። ሲመለስ ጾም አብዝቶ መጣ። ረቡዕና ዓርብ ላይ ሰኞ ተጨመረ፤ ከዚያ የፈቃድ ነው፣ የስለት ነው እያለ አፉ የሚታሰርበት ቀን በዛ። ከሞት ተርፎ ወደ ፈጣሪው የተጠጋ መሰለኝና አከበርኩት፤ በራሴ መንገድም እጸልይለት ነበር። ሥራው ሁሉ ወደ አፍንጫዬ ዞረ። ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር «ምን ይላል?» ይለኛል፣ እነግረዋለሁ፣ ያንኑ ቃሌን ይዞ ወደ እንግዳው ይሄዳል። ፖም አለው ጌታዬ፣ ከኋላው ያበበ ባቄላ ይላል። ከግድግዳው ተጠግቼ ስሰማው እኮራ ነበር። በሠራተኛ ምሳ ላይ ሹሮው ላይ ጨው ሲጨምር፣ ደግሞ ሲጨምር አይቼዋለሁ። እርጅና ነው አልኩ።

በቀጣዩ ዓመት ኦቦ ገመቹ ቡራዩ ላይ ሁለተኛ ቤት ሊከፍት ተነሳ። ለብቻው ስለማይችለው ብዙ ዘመን ሚላኖ ኖሮ የተመለሰ አቶ ዮናስ የሚባል ሰው በአጋርነት እንዲገባ ፈለገ። አንድ ቀን ጠራኝና፣ እሑድ ዮናስ ምሳ ይመጣል፣ ምግቡንም ወይኑንም አንቺ ምረጪ አለኝ። «እሱ ከወደደው፣ ኢንተለ ኮ፣ የቡራዩ መስተንግዶ ኃላፊ አንቺ ነሽ» አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ሹመቱ ብቻ አይደለም። አዲስ ቤት ማለት አዲስ ሜኑ ነው፤ ቆጮው በራሴ ስም ሲጻፍ በዓይነ ኅሊናዬ አየዋለሁ። ለጋሽ ዘለቀ ስነግረው ትከሻዬን ይዞ፣ ሲኞራ ብታውቅሽ ትወድሽ ነበር አለኝ። አለቀስኩ።

እሑድ መጣ። እሑድ ስለሆነ የጋሽ ዘለቀ አፍ አልታሰረም። ቆጮው ጠረጴዛ ላይ ቀረበ፣ አቶ ዮናስና ኦቦ ገመቹ ተቀመጡ። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ጠርሙሱን ከፈትኩ፤ እፎይ አለ። አሸተትኩት። ፖም የለም። ባቄላ የለም። የመጣብኝ የገላን መጋዘን ነው።

«ጋሼ፣ ካርቶን ካርቶን ይላል» አልኩት። «ዝናብ የነካው ካርቶን። ይተዉት።»

ቡሹ ሲታመም ወይኑ እንዲያ እንደሚል ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። ጋሽ ዘለቀ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ፣ ቀመሰ። ሌላው ጠርሙስ በረዶ ውስጥ፣ እጄ በሚደርስበት ቦታ ነበር፤ እሱን ልክፈት አልኩት።

«ንጹሕ ነው» አለ። «ትልቅ ቀን ስለሆነ አፍንጫሽ ፈርቶ ነው። እኔ ቀምሼዋለሁ፣ አፍንጫዬ። አቅርቢ።»

አቀረብኩ። በስድስት ዓመት ውስጥ ምላሱ ተሳስቶ አያውቅም፤ ስለዚህ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ አቀረብኩ።

አቶ ዮናስ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠጋና ከንፈሩን ሳያስነካ መልሶ አስቀመጠው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዳላፍር ነው መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይኼን ማን መረጠው ብሎ ጠየቀ። እኔ ነኝ አልኩ። ቀምሰሽዋል ወይ አለኝ። ያኔ ወደ ጋሽ ዘለቀ ዞርኩ። ነጭ ፎጣውን ክንዱ ላይ ጥሎ ግድግዳው ሥር ቆሟል። እኔ ቀምሼዋለሁ እስኪል እየጠበቅሁ ነው። ኦቦ ገመቹም ዞረና «ዘለቀ፣ አንተስ? አልቀመስክም?» አለው።

«ስለት ላይ ነኝ» አለ ጋሽ ዘለቀ። «እሷ አትቀምስም፣ ጴንጤ ናት። እኔም አልቀመስኩም። እሷን አምኜ ነው።»

ግራ መዳፉ ገና አልደረቀም ነበር። ከቆምኩበት ይታየኛል። እሑድ ቀን ስለት፤ ማንም አልጠየቀውም።

አቶ ዮናስ፣ የማይቀምስ ሰው ወይን ሲመርጥ ገና ዛሬ አየሁ ብሎ ሳቀ። ኦቦ ገመቹ አልሳቀም። አላየኝምም። ሰኞ ጠዋት ጋሽ ዘለቀ ባለበት ጠራኝና ከአዳራሽ ወደ መኝታ ክፍል ጽዳት መዛወሬን ነገረኝ፤ የቡራዩን ቦታ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሌላ ልጅ ሰጡት። ጋሽ ዘለቀ የጠረጴዛ ልብስ እያጠፈ ነበር፤ ማጠፉን አላቆመም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ልጆቹ «የማትቀምሰዋ አዋቂ» ብለው ስም አወጡልኝ። ዓርብ ዕለት የሎጁ መጋዘን ውስጥ ለብቻው አገኘሁትና ቀምሰው አልነበረም ወይ አልኩት። ካርቶኖቹን እያስተካከለ፣ ዞሮ ሳያየኝ፣

«ፒያኖ፣ አስቴር» አለኝ።

በስሜ ጠራኝ። ከዚያ በኋላ ምን አወራለሁ? በሁለት ሳምንት ውስጥ ሱሉልታን ለቀቅኩ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ቅናት ነው ብዬ ኖሬያለሁ። ከእኔ በላይ ልትሆን ነው ብሎ አውቆ ያደረገው ነው፤ ምላሱ እያወቀው፣ ካርቶኑን እየቀመሰ፣ አቅርቢ ያለኝ ነው ብዬ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እኔ ከፈረስ አገር ስወጣ ይኼን አባባል ይዤ ነው የወጣሁት። ቡራዩ መጥቼ ይህችን ቤት ከፈትኩ። ያ የኦቦ ገመቹ ቤት ከእኔ ሁለት ፌርማታ ብቻ ይርቃል። እኔ ጋ ቆጮ በአይብ ከጋዝ ውሃ ጋር ይቀርባል፤ ሰሌዳው ላይ «የአስቴር ቆጮ» ብዬ በትልቁ ጽፌያለሁ። ሰው ሲጎርስ ደስ ይለኛል። ግን ወተት ሲመጣልኝ ራሴ አሽትቼ አላምንም፤ ለሠራተኛዬ እሰጥና ምን ይላል እላታለሁ። እንዲህ አድርጎኝ ነው የሄደው።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ሰበታ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ላለቅስለት አልነበረም። ምናልባት በሕይወት ሳለ ያልጨረስኩትን ወቀሳ ሬሳ በሌለበት ቤት ልጨርሰው ይሆናል። ድንኳኑ ሥር ተቀምጬ ንፍሮ ሲያዞሩ ተቀበልኩ። ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ፣ እንደ ዘለቀ ያለ ታማኝ ሰው አይገኝም እያሉ ያወራሉ። ንፍሮዬን አኘክኩ።

ባለቤቱ እትዬ የሺ ማንነቴን ስነግራት ከፍራሹ ተነስታ አቀፈችኝ። የሱሉልታዋ አፍንጫ አንቺ ነሽ ወይ አለችኝ። እጄን ይዛ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ለሌላ ሰው እንደማታወራው በሚያስታውቅ ድምፅ ነገረችኝ። ከዚያ በሽታ በኋላ ምላሱም አፍንጫውም ሞቶ ነበር። ጨውና ስኳር አይለይም። ሐኪም ቤት ወስጄው ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አሉን፤ አልተመለሰም። ለሰው እንዳትናገሪ ብሎ አስምሎኛል፣ ምላሱ የሞተ አሳላፊ ሞቷል ይለኝ ነበር አለች። «ታዲያ እንዴት ትሠራለህ ስለው፣ አንዲት ልጅ አለችልኝ ይለኛል።»

ጾሙ፣ ስለቱ፣ ሹሮው ላይ ያለው ጨው፣ ባቄላው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ልቤ ራራ፤ አልዋሽም። ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ምላሱን እሸከምለት ነበር። ሳላውቅ ስሸከመው ኖሬ የለ? ያን እሑድም መዳፉ ላይ ጠብ ያደረገው ውሃም ኮምጣጤም ቢሆን አያውቀውም ነበር። ቅናት አልነበረም። ሦስት ዓመት የተሸከምኩትን ክስ እዚያው ፍራሹ ላይ ላስቀምጥ ነበር።

እትዬ የሺ ግን ወሬዋን አልጨረሰችም። አንድ እሑድ በጊዜ መጣ አለች፤ ኮቱ ውስጥ የተከፈተ ጠርሙስ ይዞ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ሳይቀመጥ ብርጭቆ ላይ ቀድቶ አፍንጫዋ ሥር አደረገና ምን ይላል አላት። እኔ የወይን ነገር ምን አውቃለሁ አለችው። ግድ የለሽም፣ የመጣልሽን በይ አላት።

«ካርቶን ካርቶን ይላል አልኩት» አለችኝ። «ዝናብ የነካው ካርቶን።»

ብርጭቆውን አስቀመጠና ቁጭ አለ። እራቱን አልበላም።

«ለምን እንደጠየቀኝ እስከ ዛሬ አላውቅም» አለች። «አንቺ ታውቂያለሽ?»

አወቅሁ። እሑድ ማታ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሰኞ ጠዋት ኦቦ ገመቹ ፊት ስቆም፣ እሱ የጠረጴዛ ልብሱን ሲያጥፍ፣ ያውቅ ነበር። ዓርብ መጋዘን ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶኝ ያውቅ ነበር። ስልኬን ይዞታል፤ ቁጥሬን አልቀየርኩም። ምላሱ መሞቱን ባይናገር እንኳ፣ ልጅቷ ነግራኝ ነበር፣ አላምን ያልኳት እኔ ነኝ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። ቅናተኛ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቅናተኛ ሰው ቢያንስ አይቶኛል።

እትዬ የሺ ያዘንኩ መሰላት። አይዞሽ፣ እንደ እሷ ያለ አፍንጫ የትም የለም እያለ ነው የሞተው አለችኝ። ለማን ነበር እንደዚያ የሚሉት ብዬ ጠየቅኋት።

«ለእኔ ነዋ» አለች። «ለማን ይበል?»

ተነስታ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ወፍራም አረንጓዴ ጠርሙስ አወረደች። ወዲያው አወቅሁት። እንዳትጥይው ስላላት ጸበል አኑራበታለች። እንደማልጠጣው ታውቃለችና አልጋበዘችኝም፤ ማስታወሻው ነው፣ ያዥው ብላ ብቻ ሰጠችኝ። ክዳኑን ከፈትኩ። እጄ ልማዱን አልረሳም፤ ጠርሙሱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። እትዬ የሺ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ልክ እንደ እሱ፣

«ምን ይላል?» አለችኝ።

ከድንኳኑ የሽማግሌዎቹ ወሬ ይሰማል። ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ በለቅሶ አብጧል፣ ከእኔ ቃል ትጠብቃለች።

«ምንም አይልም፣ እትዬ» አልኳት። «እሳቸውም ምንም አላሉም።»